ስለ ፒያኖ ቅኝትና ስሙ ስለማይጠራው ባለሙያ

በግእዝ ሰዋስው ቀነየ የሚለው ግስ ገዛ፥ አስገበረ ማለት ነው፤ ተቀንየ ሲሆንም ተገዛ፥ አገለገለ ይሆናል። ቅኔ የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ግስ ነው፤ በአማርኛም ቃኘ፥ ቅኝት፥ መቃኛ የምንላቸው ቃላት ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ ባለ ቅኔውና አውታር ቃኚው በቃል ዘመዳሞች ናቸው፤ በሥራም ቢሆን እንዲሁ። አንዱ ቃልን በልክና በቤት ይገዛል፤ ሁለተኛው አውታርን በጆሮው ይገዛል። ዳሩ ግን በክብር እኩል አይደሉም። ባለ ቅኔው በጉባኤ መካከል ቆሞ ሲቀኝ ሰው ሁሉ ያየዋል፥ ይበል ይበል ይባልለታል፤ ቃኚው ግን ሥራውን ጨርሶ ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ ነው ሕዝቡ የሚገባው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ነው፤ ይኸውም በኮንሰርት አዳራሽ ለሚጫወቱ ሰዎች ፒያኖ ስለሚቃኘው ባለሙያ። ነገሩ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ ሰው ሩቅ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። ፒያኖ የማኅሌት ዕቃ አይደለም፤ በቅኔ ማኅሌታችንም ቦታ የለውም። ሆኖም በትምህርት ቤትና በአዳራሽ ገብቶ የልጆቻችንን ጆሮ የሚያስተምር መሣሪያ ከሆነ ቆይቷል፤ ጆሮን የሚያስተምር ሁሉ ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል። ስለ ሙዚቃ ትርዒት የሚጻፈውን ስናነብ የተጫዋቹ ጣት፥ የልብሱ ማማር፥ የጭብጨባው ብዛት ይነገረናል። መሣሪያውን ለዚያች ሌሊት ማን እንዳሰናዳው፥ እንዴትስ እንዳሰናዳው የሚጽፍ አይገኝም። ይህ የሂስ ጕድለት ነው እላለሁ፤ ለምን እንደምልም ከዚህ በታች በተራ አስረዳለሁ።

አስቀድመን የመሣሪያውን ነገር እንመልከት። ፒያኖን በፍሎሬንስ ከተማ የፈጠረው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቈጣጠር ወደ 1700 ገደማ ነው። በአገራችን ግን ባለ ቁልፍ የዜማ ዕቃ ከዚያ ቀድሞ ታይቷል፤ በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ካመጡት ገጸ በረከት መካከል አንዱ ኦርጋን እንደ ነበረ ከነርሱ ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፏል። የዛሬው ትልቅ ፒያኖ 88 ቁልፎችና 230 ያህል አውታሮች አሉት። በመካከሉና በላይኛው ክፍል ለአንድ ድምፅ ሦስት ሦስት አውታር ጎን ለጎን ይወጠራል። የአውታሮቹ ሁሉ ጕተታ ቢደመር ከ18 እስከ 20 ቶን፥ ማለት እስከ 200 ኩንታል ይደርሳል፤ ስለዚህም እንጨት ብቻውን አይችለውምና ከብረት የተቀለጠ ማዕቀፍ ይሸከመዋል። የኛን በገና ስናስብ ዐሥር አውታር ብቻ ነው ያለው፤ እርሱንም እንኳ ለመቃኘት ደርዳሪው ስንት ጊዜ መቃኛውን ሲያዞር፥ ስንት ጊዜ ጆሮውን ወደ ገበቴው ሲያዘነብል እናያለን። ዐሥሩን ያየ ሰው ሁለት መቶ ሠላሳው ምን እንደሚጠይቅ ሊገምት ይችላል።

በዘጌ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው የድንጋይ ደወል ተንጠልጥሎ አይቶ ይሆናል። ያ ድንጋይ አንድ ጊዜ ተመርጦ ከተሰቀለ በኋላ ክረምት ቢመጣ በጋ ቢገባ ድምፁ አይለወጥም፤ ቃኚም አያስፈልገውም። አውታርና ቆዳ ግን እንዲህ አይደሉም። በሐምሌ ጭጋግ የከበሮ ቆዳ ሲላላና ድምፁ ሲደክም፥ ፀሐይ ሲወጣ ወደ ውጭ አውጥቶ ማስጣት እንደሚያስፈልግ ዲያቆን ሁሉ ያውቃል። ፒያኖም በዚሁ ሕግ ሥር ነው፤ ነገር ግን አካሄዱ ተቃራኒ ነው። ከአውታሮቹ ሥር የተነጠፈው ቀጭን የድምፅ ሳንቃ እርጥበት በጠጣ ጊዜ ያብጣል፥ ወደ ላይም ይነሣል፤ አውታሮቹን ገፍቶ ያጠብቃቸዋል፥ ድምፁም ከፍ ይላል። በደረቅ ወራት ሳንቃው ሲሟሽሽ አውታሮቹ ይላላሉ፥ ድምፁም ዝቅ ይላል። ይህ ለውጥ በሁሉም አውታር ላይ እኩል ቢሆን ጕዳቱ ጥቂት በሆነ ነበር፤ የመካከሉ ክፍል ብዙ፥ የታችኛው ክፍል ጥቂት ስለሚለወጥ ግን ድምፅ ከድምፅ ይጣላል። እንግዲህ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብሎ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናም በሚበዛበት፥ ከጥር እስከ ሚያዝያ ደግሞ አየሩ በሚደርቅበት በጣና ዳርቻ የሚቀመጥ ፒያኖ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅኝቱ ምሥጢር እንግባ። ብዙ ሰው ቅኝት ማለት እያንዳንዱን አውታር ወደ ትክክለኛው ቦታ ማድረስ ብቻ ነው ብሎ ያስባል፤ ትክክለኛው ቦታ ግን ራሱ አከራካሪ ነው። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ይህን ከማንም ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል። ፀሐይ በዓመት 365 ቀን ትሄዳለች፤ ዐሥራ ሁለቱ የጨረቃ ወራት ግን 354 ቀን ናቸው። ሁለቱ ሐሳቦች ሊገጥሙ አልቻሉም፤ 11 ቀን ተረፈ፤ ያንንም ትርፍ ሊቃውንት አበቅቴ ብለው ይዘው፥ በዓመታት ላይ እያካፈሉ በዓላትንና አጽዋማትን አስማሙ። በድምፅም ዓለም እንዲሁ ያለ ትርፍ አለ። ከአንድ ድምፅ ተነሥተን ንጹሕ በሆነው አምስተኛ ድምፅ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ብንዘል፥ በስምንተኛ ድምፅም ሰባት ጊዜ ብንዘል፥ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ቁልፍ ላይ ሊገናኙ ይገባ ነበር። በሐሳብ ሲመረመር ግን የመጀመሪያው መንገድ የተነሣንበትን ድምፅ 129.75 ጊዜ ያበዛዋል፤ ሁለተኛው 128 ጊዜ ብቻ። የተረፈችው ጥቂት ናት፤ ከግማሽ ድምፅ ሩቡን ያህል ብቻ። ነገር ግን የትም አትጠፋም። አንድ ቦታ ብትጣል በዚያ ቦታ የሚጮኽ ጕድፍ ትሆናለች።

የቃኚው ጥበብ ይህችን ትርፍ ማካፈል ነው። ዛሬ በዓለም አዳራሾች የጸናው ልማድ ትርፏን በዐሥራ ሁለቱ አምስተኛ ድምፆች ላይ እኩል ማደል ነው፤ እያንዳንዱ እጅግ በጥቂቱ ይጠብባል፥ ማንም ፍጹም ንጹሕ አይሆንም፥ ማንም ደግሞ ክፉ አይሆንም። ይህ የእኩል ድልድል ቅኝት ይባላል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ልብ በል፤ የፒያኖ ቃኚ ንጹሑን ድምፅ በጆሮው ካገኘ በኋላ፥ ዐውቆ ጥቂት ከንጽሕናው ያጐድለዋል፤ ስንት እንደሚያጐድልም ማወቅ አለበት።

ይህንንም በምን ያውቃል ቢሉ፥ በመርገብገቡ ነው። ሁለት አውታሮች አንዱ በሰኮንድ 440 ጊዜ፥ ሁለተኛው 442 ጊዜ ቢንቀጠቀጡ፥ አብረው ሲመቱ ድምፃቸው በሰኮንድ ሁለት ጊዜ ያብጣል፥ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። ቃኚው ይህን እብጠት ይቈጥራል። በፒያኖው መካከል አንዱ አምስተኛ ድምፅ በአራት ሰኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ቢረገብግ መልካም ተቃኝቷል ይላል፤ በዚያው ቦታ ያለው ሦስተኛ ድምፅ ግን በሰኮንድ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይረገብጋል። ሥራው የሚጀምረው ጆን ሾር የተባለ እንግሊዛዊ በ1711 ካወጣው ባለ ሁለት ጣት ብረት ነው፤ ብረቱ ተመትቶ የሚሰጠው አንድ ድምፅ መነሻ ይሆናል፤ ይህም ድምፅ በሰኮንድ 440 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ እንዲሆን በ1939 በለንደን የተሰበሰቡ መልእክተኞች ተስማምተዋል። ከዚያ ቃኚው የመካከሉን ክፍል በሱፍ ጨርቅ አፍኖ ከሦስቱ አውታር አንዱን ብቻ እያሰማ ዐሥራ ሁለቱን ድምፅ ይመሠርታል፤ ቀጥሎም ወደ ላይና ወደ ታች በስምንተኛ ድምፅ ይዘረጋዋል፤ በመጨረሻም የታፈኑትን አውታሮች እየገለጠ ሦስቱን አንድ ያደርጋል። መፍቻውን የሚያዞርበት ልክ ዐይን የማያየው ነው፤ ችንካሩን ጥቂት አሳልፎ ይመልሰዋል፥ ቁልፉንም በብርቱ ይመታዋል፤ ይህም በትርዒቱ ሌሊት የተጫዋቹ ኃይል አውታሩን ከቦታው እንዳያነቃንቀው ነው።

ለቤት የሚቃኝና ለኮንሰርት የሚቃኝ ሰው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ለቤት የሚቃኝ ባለሙያ ፒያኖው ለወራት እንዲቈይ ያስባል፤ ለኮንሰርት የሚቃኝ ግን ለሁለት ሰዓት ፍጹም እንዲሆን ይሻል፤ የመብራቱ ትኵሳት አውታሮቹን እንደሚያላላቸው፥ የብዙ ሰው ትንፋሽ የአዳራሹን አየር እንደሚለውጠው አስቀድሞ ያስባል፤ በዕረፍቱ ጊዜም ተመልሶ ገብቶ የሸሸውን አውታር ይመልሳል። ከዚህም በላይ አውታሩን የሚመታውን የሱፍ መዶሻ በመርፌ እየወጋ ድምፁን ያለሰልሳል፤ ይህን የሚያደርገው እንደ ተጫዋቹ ጠባይ ነው። ቭላዲሚር ሆሮዊትዝ የተባለው ስመ ጥር ፒያኖ ተጫዋች ከስድሳ ዓመት ስደት በኋላ በሚያዝያ 1986 በአውሮፓ አቈጣጠር ወደ ሞስኮ ሲመለስ የገዛ ራሱን ፒያኖ አስጭኖ ሄደ፤ ቃኚውን ፍራንዝ ሞርንም ይዞት ሄደ። ዓለም የሆሮዊትዝን ጣት አደነቀ፤ የሞርን ስም ግን ከባለሙያዎች በቀር ያወቀው ጥቂት ነው።

አንዳንድ ሰው፥ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድር ነው፤ ጥቂት ቢጐድል ማን ያስተውለዋል ይል ይሆናል። መልሱን ከራሳችን በገና እንውሰድ። በበገና አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች፤ አውታሩ እርሷን እየነካ ሲንቀጠቀጥ ያ ጥልቅ የሆነው የበገና እዝታ ይወጣል። ደርዳሪው እያንዳንዷን እንዚራ ወዲያና ወዲህ በፀጕር ውፍረት ያህል እያንቀሳቀሰ እዝታውን ይፈልጋል፤ ካጣው መሣሪያው በገና አይባልም። እንዲህ ያለ እዝታ ግን በፒያኖ ውስጥ ቢሰማ ቃኚው ደንግጦ የላላውን ነገር ይፈልጋል። ለአንዱ ውበት የሆነው ለሌላው ነውር ነው። ስለዚህ የቅኝት መልካምነት የሚለካው መሣሪያው በቆመበት ሥርዐት ነው፤ የግእዙ ዜማ በዓራራይ፥ የዓራራዩም በዕዝል እንደማይመዘን። ሂስ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይለይ ፒያኖው ጥሩ ነበር ወይም መጥፎ ነበር ቢል ቃሉ ክብደት የለውም።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ልምጣ፤ ይኸውም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሥራ ነው። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በሕፃንነታቸው ወደ ስዊስ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ፤ ኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ዘንድ ተማሩ፤ በግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት በምንኵስና ኖሩ። ከጣና በስተሰሜን በጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ፤ የቆሎ ተማሪዎች በደጅ ሲያድሩ አይተውም አዘኑ። በ1967 በአውሮፓ አቈጣጠር በጀርመን የታተመው የመጀመሪያው ሸክላቸው ገቢ ለድኾች ተማሪዎች እንዲውል አደረጉ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ቤት የለሹ መንገደኛ የተባለውን፥ የባሕር መዝሙር የተባለውንም ድርሰታቸውን ያዳመጠ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። መጀመሪያው፥ ጊዜው በጥብቅ ምት የታሰረ አይደለም፤ ድምፁ ይመጣል፥ ይቈያል፥ በራሱ ጊዜ ይሟሟል። ሁለተኛው፥ ከዋናው ድምፅ በፊት ፈጥነው የሚያልፉ ትናንሽ ድምፆች ይበዛሉ። ስለ ሁለተኛው ብዙ ሰው፥ ይህ የዜማችን ጠባይ ነው ብሎ ጽፏል፤ እውነትም ነው። እኔ ግን የምጨምረው አለኝ። ፒያኖ ከተቃኘ በኋላ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ሊሰጥ አይችልም፤ ባለ ማሲንቆው የሚንሸራተትበት ቦታ በፒያኖ ላይ ዝግ ነው። እማሆይ በዚያ በተዘጋው ቦታ ላይ ሁለቱን ቁልፎች ፈጥነው እየነኩ ጆሯችን መካከሉን እንዲያስብ ያደርጉታል። ይህ የቅኝቱን ገደብ ዐውቆ ከገደቡ ጋራ የመደራደር ጥበብ ነው፤ እንዲሁ ጌጥ ብቻ አይደለም።

ስለ መጀመሪያው ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ ድምፁ ብቻውን ቆሞ ረጅም ጊዜ በሚቈይበት ሙዚቃ ውስጥ የቃኚው ስሕተት መደበቂያ የለውም። ብዙ ድምፅ በአንድነት በሚፈስስበት ጩኸት መካከል የሦስቱ አውታር ጥቂት አለመስማማት ይሸፈናል። በዝግታ በሚሄደው፥ አምስት ድምፅ ብቻ ባለው ዜማ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ድምፅ ራቁቱን ይቆማል፤ ሦስቱ አውታር አንድ ካልሆኑ ከመመታቱ በኋላ ባለው ጸጥታ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። እንግዲህ ቀላል መስሎ የሚታየው የኛ ዜማ ከከባዱ የአውሮፓ ድርሰት ይልቅ ብርቱ ቃኚ ይሻል። የአገር ዘፈን ነውና ያልተቃኘም ፒያኖ ይበቃዋል የሚሉ የአዳራሽ አለቆች ቢኖሩ ነገሩን ገልብጠው እንደ ያዙት ይወቁ።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከእማሆይ ዕረፍት በኋላ በ2024 በአውሮፓ አቈጣጠር የወጣው፥ ድምፃቸውም ጭምር የሚሰማበት ሥራ፥ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ በቤታቸው በካሴት የተቀዳ ነው። እንዲህ ያለውን ቅጂ የሚሰማ ሰው ቅኝቱን ለመንቀፍ አይቸኩል። ካሴት ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ ድምፁ ሁሉ በአንድነት ከፍና ዝቅ ይላል፤ አውታር ሲላላ ግን አንዱ ድምፅ ከሌሎቹ ተለይቶ ይረገብጋል። የመጀመሪያው የመቅጃው ጕድለት ነው፤ ሁለተኛው የፒያኖው። እነዚህን መለየት የማይችል ጆሮ ስለ ቅኝት ሊፈርድ አይገባውም።

ከዚህ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ለኢትዮጵያ ዜማ ፒያኖ እንዴት ይቃኝ? ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች በአውሮፓ ቁልፍ ላይ ሲቀመጡ ልብስ እንደ ጠበበው ሰው ይሆናሉ፤ ይልቁንም አንቺ ሆዬ። ስለዚህ አንዳንዶች የእኩሉን ድልድል ጥለን ፒያኖውን በራሳችን ቅኝት እንቃኘው ይላሉ። አሳባቸው የሚናቅ አይደለም። ዜማው አምስት ድምፅ ብቻ ከሆነ ያችን ትርፍ በማይነኩት ቁልፎች ላይ መጣል ይቻላልና። ነገር ግን እንኳን ዐሥራ ሁለቱ፥ አምስቱም ራሳቸው ያለ አበቅቴ አይደሉም። አራቱን አምስተኛ ድምፆች ፍጹም ንጹሕ ብናደርጋቸው ከነርሱ የሚወለደው ሦስተኛ ድምፅ ከንጹሑ ይልቃል፤ ንጹሑ 80 ቢሆን እርሱ 81 ይሆናል። ሦስተኛውን ብናነጻው ደግሞ አራቱን አምስተኞች ማጥበብ ግድ ነው። ስለዚህ የራሳችን ቅኝት የሚባለው አንድ የተቈረጠ ልክ አይደለም፤ ባለ ክራሩም ከባለ ክራሩ፥ ጎጃሙም ከወሎው ይለያያል። ቃኚው የማንን ጆሮ ይከተል?

ፍርዴ እንዲህ ነው። ግርማ ይፍራሸዋ በሶፍያ የተማረ፥ የአውሮፓን ድርሰትና የራሱን ኢትዮጵያዊ ድርሰት በአንድ ሌሊት አስተባብሮ የሚያሰማ ፒያኖ ተጫዋች ነው። እንዲህ ላለው ሌሊት እኩሉ ድልድል ይበጃል፤ አንድ ፒያኖ ለሾፓንም ለትዝታም ማገልገል አለበትና። ነገር ግን ሌሊቱ በሙሉ ለአንድ ቅኝት የተሰጠ ከሆነ ተጫዋቹና ቃኚው አስቀድመው ተቀምጠው ይማከሩ፤ ልዩ ቅኝት ቢመርጡም ለሰሚው ይንገሩት። ሂስ ጸሓፊውም ይህን ጠይቆ ይጻፍ። ሳይማከሩ የተደረገ ልዩ ቅኝት ስሕተት ይባላል፤ ተማክረው ያደረጉት ግን ትርጓሜ ነው።

የባሕር ዳርን ነገር ስናስብ ደግሞ፥ ከተማዪቱ በዩኒቨርሲቲም በባህል ማዕከልም ያደገች ናት፤ አዳራሾቿም ሙዚቃን ይሻሉ። ፒያኖ የሚገዛ ሰው የቃኚውን ዋጋ በበጀቱ ካላሰበ የገዛው የቤት ዕቃ ነው። መሣሪያው ወደ ሐይቁ ከሚከፈት መስኮትና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ዝናም እንደ ጀመረ በሰኔ መጀመሪያ አይቃኝ፤ ሳንቃው ገና በመለወጥ ላይ ነውና ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ክረምቱ ከጸና በኋላ አንድ ጊዜ፥ በጋው ከጸና በኋላ አንድ ጊዜ ይቃኝ። ከሌላ ስፍራ ተጭኖ ከመጣ ሳይነካ ጥቂት ሳምንት ይቈይ። ቃኚው በሚሠራበት ሰዓትም ወንበር አይጐተት፥ ወለል አይጠረግ፥ የድምፅ ማጉያ አይፈተን፤ በጸጥታ ካልሆነ መርገብገቡን ሊቈጥር አይችልም። ይህ ትንሽ ትእዛዝ ይመስላል፤ ብዙ ኮንሰርት የሚበላሸው ግን እርሱን ባለመጠበቅ ነው።

የዚህ ዘመን ሰው፥ አሁን በስልክ ላይ ቅኝት የሚለካ ብልሃት አለ፥ በኤሌክትሪክ የሚሠራም ፒያኖ ከቶ አይዛነፍም፥ ቃኚው ምን ያደርግልናል ይል ይሆናል። ለኪው ብልሃት ረዳት ነው፤ የሚንቀውም ሰነፍ ነው። ነገር ግን የፒያኖ አውታር ወፍራምና ግትር ስለሆነ ከርሱ የሚወጡት ላይኛ ድምፆች ከሐሳቡ ሠንጠረዥ ጥቂት ይልቃሉ፤ በእያንዳንዱም ፒያኖ ልኩ ይለያያል፤ ስለዚህ ስምንተኛው ድምፅ ምን ያህል እንደሚዘረጋ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ጆሮ ነው። የኤሌክትሪኩ ፒያኖም አይዛነፍም ማለት እውነት ነው፤ እንደ ድንጋዩ ደወል ነው። ለዕለት ጥናት ይጠቅማል፤ ነገር ግን በእርሱ ብቻ ያደገ ልጅ ሁለት አውታር ሲጣሉና ሲታረቁ ሰምቶ አያውቅም፤ ይህን ያልሰማ ጆሮም ቅኝት ምን እንደ ሆነ በስሙ እንጂ በግብሩ አያውቀውም።

እንግዲህ ቃኚ ከየት ይመጣል? በፈረንሳይ ክሎድ ሞንታል የሚባል ዐይነ ሥውር ሰው ነበረ፤ በፓሪስ በዐይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ተምሮ በገዛ እጁ ፒያኖ መቃኘትን ለመደ፤ ሌሎች ዐይነ ሥውራንንም አስተማረ፤ በ1836ም ስለ ቅኝት መጽሐፍ አሳተመ። ከርሱ በኋላ በአውሮፓ ብዙ ዐይነ ሥውራን በዚህ ሙያ ራሳቸውን አስተዳደሩ። በእኛም አገር ዐይን ማጣት ከሊቅነት እንደማያግድ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዐይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ምስክር ናቸው። በጣና ዙሪያ፥ በጎንደርና በጎጃም አድባራት፥ በቤተ ልሔምና በዙር አምባ ጉባኤያት ለዓመታት ድጓውንና ዝማሬውን በጆሮ ሲቀበሉ የኖሩ፥ ርክርኩን ከድፋቱ፥ ሂደቱን ከጭረቱ ሳይስቱ የሚለዩ ደቀ መዛሙርት አሉ። ሁሉም መሪጌታ አይሆኑም፤ ብዙዎቹ ወደ ከተማ ወርደው ሥራ ሲያጡ ይታያሉ።

የዜማ ጆሮና የቃኚ ጆሮ አንድ አይደለም፤ ዜማ የሚማር ሰው ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ ያዳምጣል፥ ቃኚ ግን የቆመውን ድምፅ ውስጡን ያዳምጣል። ሆኖም ለብዙ ዓመት በትዕግሥት መስማት የለመደ ሰው ሌላውን ዓይነት መስማት ለመማር ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን፥ ይልቁንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ትምህርት ቤት፥ ቅኝትን ራሱን እንደ ቻለ ሙያ ቢያስተምሩ፥ ከእንዲህ ያሉት ወጣቶችም ጥቂቶችን መርጠው ቢቀበሉ፥ አዳራሾች ቃኚ ያገኛሉ፥ ወጣቶቹም እንጀራ ያገኛሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም በፒያኖ ያገኙትን ገንዘብ በደጅ ለሚያድሩ የዜማ ተማሪዎች ሰጥተው ነበር፤ ከነዚያው ተማሪዎች መካከል ፒያኖ የሚቃኙ ቢወጡ ብድሩ በመልካም ተመለሰ ያሰኛል።

እስከዚያው ድረስ ግን ዛሬውኑ ልናደርገው የምንችለው አንድ ነገር አለ። የኮንሰርት ማስታወቂያ የሚያትም ሰው ከተጫዋቹና ከደራሲው ስም በታች የቃኚውን ስም በአንድ መስመር ይጻፍ። ሂስ የሚጽፍም ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት፥ ፒያኖውን የቃኘው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ። ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ነው፤ ሙያውን ሊማር የሚያስብ ወጣትም ስሙ የሚጠራበት ሥራ መሆኑን ከዚያ መስመር ያነባል።